የማይበላ ዓሣ

ዛሬ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ወሰደኝ፣ ባስማስተር ክላሲክ የሚባለውን የዓሣ ማጥመድ ውድድር ምዘና ሊያሳየኝ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አንድ አጥማጅ በቀን የሚያስመዝነው አምስት ዓሣ ብቻ ነው፤ ለአሸናፊው ግን 300 ሺህ ዶላር! (እኔ ነኝ ሥራ የሳትኩት።)

አንዱ አጥማጅ ውሃ የሞላ ከረጢቱን ይዞ መጣ። አንዷ ሞታለች ተባለ። ለቅጣት ከክብደቱ 4 አውንስ ተቀነሰበት፣ መቶ ግራም ምናምን። ሰውዬው እንደታመመ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፏት ቆመ።

"የቀሩትንስ ማን ይበላቸዋል?" አልኩ።

ባልደረባዬ ክው አለ። ለካ ወደ ሐይቁ ነው የሚመለሱት።

እኔ ደግሞ ያደግኩት ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ከጀልባ ወርዶ፣ ጥሬውን በዳጣ ነው። እዚያ ምሳ ነው፣ እዚህ ተወዳዳሪ።

በሕይወት ያሉት ሲመዘኑ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ።