ቲቪው ለጥገና በሄደ ማታ

ዛሬ ጠጋኙ ቲቪያችንን ይዞት ሄደ። ማታ ሳሎን ተሰበሰብን፤ ሶፋው ሁሉ ባዶውን ግድግዳ አፍጥጦ ያያል። አባዬ ቦታው ላይ ተቀምጦ ሪሞቱን ይዟል። ቁጥሮቹ ከመነካካት ብዛት ጠፍተዋል፤ የባትሪው ክዳን በፕላስተር ተለጥፏል። እናቴ "ምን ሊያደርግልህ?" ስትለው "እጄ ለምዶ ነው" አላት።

ወሬ ተጀመረ። ብዙም አልዘለቀም፤ ሁላችንም ስልካችንን አወጣን።

ቲቪው አሳዘነኝ። የፈጠራ ሰው የነበረው ጆን ሎጊ ቤርድ ቲቪን በ1926 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለሰው ካሳየ ወዲህ "ቤተሰብ እንዳይጫወት አደረገ" እየተባለ ስንት ስድብ ጠግቧል! ቢያንስ እሱ ሲከፈት አንድ ላይ እንናደዳለን። አባዬ ከዜና አንባቢው ይሟገታል፤ እናቴ የድራማዋን ሴትዮ "አትመኚው!" ብላ ትመክራለች። በስልክ ግን ለየብቻ ነው። ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ፤ በምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።