ያገለገለ ደብል ቤዝ ስትገዙ ሆዱ ውስጥ ያለውን ዱላ ጠይቁ

ያገለገለ ደብል ቤዝ (ቁሞ የሚጫወቱት፣ ቫዮሊን የሚመስለው ትልቁ ባለ ክር መሣሪያ) ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሻጩ «ለመንገድ እንዲመች» ብሎ አራቱንም ክሮች ሲያላላ ዝም ብላችሁ አትዩ። የእኔው ሻጭ አዲስ አበባ ላይ ክሮቹን አላልቶ፣ ብሪጁን (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን እንጨት) በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ብሪጅ በኮላ አይጣበቅም፤ የሚይዘው የክሩ ጫና ነው። ሆዱ ውስጥም እንዲሁ በጫና ብቻ የሚቆም ዱላ አለ። ሰውዬው ስለ እሱ ትንፍሽ አላለም። የአውቶቡሱ ረዳት የቁም ሳጥን ሒሳብ ተቀብሎኝ ጣራ ላይ ጫነው። የግቤን በረሃ ወርደን፣ ወጥተን፣ ጅማ ስንገባ ውስጡ ኳ ኳ ይላል።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ጠርዙ ላይ የተላቀቀውን በነጭ ኮላ አጣብቄ በሞርሳ አሰርኩት። ባለሙያዎቹ ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራውን ሙጫ ብቻ ተጠቀሙ ይላሉ፤ ኋላ ለጥገና መክፈት ሲያስፈልግ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ። ለውድ ዕቃ ልክ ናቸው። የእኔ ግን ኮምፔንሳቶ ነው፤ የሚቆጣ ይቆጣ። የብሪጁን እግሮች ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ደረቱ (የፊት ሳንቃው) ላይ ዘርግቼ፣ እላዩ ላይ እያመላለስኩ ከጉብታው ጋር አስማማኋቸው።

ጉዱ ዱላው ላይ ነው። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቀጭኑ በሶል ክር በኩል ካለው የብሪጅ እግር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ደረቱን ከጀርባው ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ያለ እሱ ክሩን ከወጠራችሁ ደረቱ ይሰምጣል። ሻጩ ጋ ብደውል «ያለ እሱም ይጮኻል» አይለኝም!

አሮጌው ዱላ ተሰንጥቋል። እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር አንድ አናጢ ጋ ሄድኩ። «ክራር ከዋንዛ፣ ከበሮ ከዋንዛ፤ ይሄስ?» አለኝ። አልተስማማሁም። ለዚህ የሚመረጠው ስፕሩስ የሚባለው የውጭ አገር ዛፍ ነው፦ ቀላል፣ መስመሩም ቀጥ ያለ። እኛ ዘንድ ለእሱ የሚቀርበው ዝግባ ነው ብዬ በዝግባ አሠራሁ።

ከዚያ ማቆሙ። ብየዳ ቤት ቀጭን ብረት እንደ ኤስ ፊደል አስጠመዘዝኩ። ጫፉን አሹዬ፣ ዱላውን ወግቼ በደረቱ ቀዳዳ አስገባሁት። ይቆማል። ብረቱን ስነቅል፣ ኳ! እንደገና አቆመዋለሁ፣ እንደገና ኳ! አናጢው «ኮላ ቀባውና ተገላገል» ይለኛል። እንዳትሰሙት። ድምፁ የሚስተካከለው ዱላውን በጥቂቱ ወዲህ ወዲያ በማድረግ ነው፤ ካጣበቃችሁት አለቀ።

መላው የተገኘው ከታች ነው። መሣሪያው የሚቆምበትን ብረት ከነመሰኪያው ነቀልኩና በቀዳዳው አጮለቅኩ፤ የስልኬን ባትሪ በደረቱ ቀዳዳ እያበራሁ። ዱላው ደረቱን የነካው በአንድ ጠርዙ ብቻ ነው። በሌላው በኩል ብርሃን ያልፋል። አናጢው ጫፉን በመጋዝ ቀጥ አድርጎ ቆርጦታል፤ ደረቱ ግን ጎባጣ ነው። በቢላዋ ሰያፍ አድርጌ ስቀርጸው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠበቅ ይበል እንጂ በግድ አይግባ፤ ከረዘመ ደረቱን ይሰነጥቃል።

የክሩን ከፍታ የጣት ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ለኩ፦ ከሰሌዳው እስከ ክሩ ቀጭኑ ሶል 6፣ ወፍራሙ ሚ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለጀማሪ ይበቃል። ብሪጁን ግን በክረምት አትሞርዱ። የጅማ እርጥበት እንጨቱን ያሳብጥና ክሩ ከፍ ይላል። ያኔ ከቀነሳችሁት በበጋ ክሩ ሰሌዳውን እየመታ ይንጣጣል። የእኔን ኅዳር ላይ ሞረድኩት። ሚ ክር አሁንም ትንሽ ይከብደኛል፤ አልነካውም።