ቁጥሩ የተነቀለው ፖምፓ

ከመተማ ወደ ጎንደር ሰሊጥ የማመላልስበት አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ሞተሩ 4ቢዲ1 ነው፤ 3.9 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው። ከነጋዴ ባሕር ወደ አይከል የሚያወጣውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረው መኪና በሁለተኛ መጎተት ጀመረ። ጠዋት አዘዞ ላይ ሲበርድ ደግሞ ባትሪው እስኪዝል ድረስ አይነሣም። አንድ ቀን የሞተር ዘይቱን ስለካ ከምልክቱ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ዘይት ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አይቼ አላውቅም ነበር። መለኪያውን ባሸትተው ናፍታ ናፍታ ይላል።

የመጀመሪያው መካኒክ ካቢናውን እንኳ ሳይገለብጥ «ፖምፓው አልቋል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ፤ ናፍታን ለክቶ በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከውን ማለቱ ነው። አመንሁት። ግምቱ ትክክል ነበር፤ ግን ትክክል የሆነው በዕድል ነው። ናፍታ ወደ ዘይት የሚገባው በፖምፓው ጎን በምትታሰረው ትንሿ የናፍታ መሳቢያ ፖምፓ ጎማ በኩልም ሊሆን ይችላል። ጉልበት የሚያሳጣው የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ኖዝል (ናፍታ የሚረጨው ጫፍ) ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከፖምፓ ይረክሳሉ፤ አንዱንም አላስፈተሽሁም።

አዲስ ፖምፓ ከአቅሜ በላይ ስለነበር አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ፈለግሁ። ሻጩ ሳቂታ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ የዚያው የ4ቢዲ1 ነው፤ ወስደህ እሰረው» አለኝ። በጎኑ ላይ የቁጥሩ ሰሌዳ የለም፤ የነበረበት የሁለት ሪቬት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። በገቨርነሩ (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ክፍል) በኩል ደግሞ ትንሽ ጣሳ የመሰለ ክብ ነገር ተለጥፎበታል፤ የቱቦው ቀዳዳ በቡሎን ተደፍኗል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። «የማያስፈልግ ነገር ነው፤ ለዚያ ነው የደፈንነው» አለ። ጠይቄ ነበር እኮ! መልሱን ግን አላዳመጥሁትም፤ ጆሮዬ ዋጋው ላይ ነበር።

ጎንደር ላይ ሲታሰር ቡሎኖቹም የናፍታ ቱቦዎቹም ልክ ገጠሙ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ባዶውን ከማራኪ ፒያሳ ስነዳው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሃምሳ ኩንታል ሲጫንበት ግን ከቀድሞው ብሶበት ዐረፈ፤ ጭስም የለም፣ ጉልበትም የለም። መካኒኩ የናፍታውን መጠን የሚወስነውን ብሎን ከፈት አደረገው። ጉልበቱ ትንሽ ተመለሰ፤ ጭሱ ግን ከኋላዬ የሚመጣውን ሚኒባስ በጠራራ ፀሐይ መብራት አስበራው።

በመጨረሻ ሁለቱንም ፖምፓዎች በጆንያ አድርጌ ባሕር ዳር ቴስት ቤንች (ፖምፓ አዙሮ መፈተሻ ማሽን) ያለው ባለሙያ ዘንድ ወሰድኋቸው። ጣሳ የመሰለውን ሲያይ ሳቀ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የቱርቦ ሞተር ፖምፓ ነው።» ያ ጣሳ በቱርቦው የአየር ግፊት እየተገፋ ናፍታ የሚጨምር ክፍል ነው። የእኔ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው የሚገፋው የለም፤ ስለዚህ ፖምፓው ሁልጊዜ ናፍታ ይነፍጋል። ብሎኑን ስንከፍት ደግሞ ያለ ልክ ያፈስሳል።

ከዚያ የራሴን አሮጌ ፖምፓ ሰሌዳ በጨርቅ ጠርጎ አስነበበኝ። ፒኢኤስ4ኤ95 ይላል፤ 4 የሲሊንደሮቹ ብዛት፣ ኤ የፖምፓው ዓይነት፣ 95 የፕላንጀሩ (በፖምፓው ውስጥ ናፍታውን የሚገፋው ዘንግ) ውፍረት 9.5 ሚሊሜትር መሆኑን ነው። የሚዞርበት አቅጣጫ እንኳ በፊደል ተጽፏል። ስንት ዓመት የነዳሁት መኪና፣ አንድም ቀን አላነበብሁትም።

ቤንቹ ላይ አስሮ ሲያዞረው አራት የመስታወት ቱቦዎች ናፍታ ይቀበላሉ። የሦስቱ ከፍታ ይቀራረባል፤ የአራተኛው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ቀስ ብሎ ሲያዞረው ደግሞ የሁሉም ወረደ፤ ጠዋት እምቢ የሚለኝ ለዚህ ነው። በፕላንጀሩና በሚንሸራተትበት ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ሁለትና ሦስት ሺሕኛ ብቻ ስለሆነ ውኃና ቆሻሻ ያለበት ናፍታ ቶሎ ይበላቸዋል። የተበላውን ለብቻው መለወጥም አይቻልም፤ ከቤቱ ጋር ነው የሚገዛው። አካሉና ገቨርነሩ ደህና ስለነበሩ አራቱን ፕላንጀር ከነቤታቸውና ዴሊቨሪ ቫልቮቹን (ናፍታውን ወደ ቱቦዎቹ የሚያሳልፉትን) ለውጠን የራሴን እንድናድነው ወሰንሁ። ዋጋው ለሶማሌ ተራው ከከፈልሁት ብዙም አልራቀም።

ከመለካቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «የት ነው የምትሠራው?» መተማ 700 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በቆላ የሚያቃጥለውን ናፍታ በደጋ አቃጥሎ አይጨርሰውም፣ ጥቁር ጭስ ያደርገዋል። ስለዚህ መጠኑን ጥቂት ቀነሰው። የሸጠልኝም ያሰረልኝም ይህን አልጠየቁኝም ነበር።

ሲታሰር ታይሚንጉን (ናፍታው የሚላክበትን ቅጽበት) በአሮጌው የመሮ ጭረት እንዲያስተካክሉት አልፈቀድሁም። መካኒኩ የአንደኛውን ሲሊንደር ቱቦ ፈትቶ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞረ ናፍታው መነቃነቅ የሚጀምርበትን ቦታ ፈለገ። ግማሽ ቀን ወሰደበት፤ ቢያጉረመርምም ሠራው። የተበረዘውን የሞተር ዘይትም ያን ዕለት አስቀየርሁ።

አሁን የአይከልን ዳገት እንደ ድሮው በሦስተኛ ይወጣል። የሰሌዳውን ቁጥር በካቢናው በር ውስጥ በቀለም ጽፌዋለሁ። የቱርቦው ፖምፓ ግን እቤት ነው፤ ሻጩ ስልክ አያነሣም፣ እኔም ቁጥር የሌለውን ዕቃ ለሌላ ሰው ለመሸጥ አልደፈርሁም። ባለቤቴ የጓዳውን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ታስደግፍበታለች።