«ሎግ ኢን በይ»

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬ አላስገባም አለኝ። ፓስወርዴን ሦስቴ ተሳሳትኩና ቆለፈብኝ። የአይቲው ልጅ መጣ፣ አየ፣ ሳቀ። «ከፍቼልሻለሁ፣ አሁን ሎግ ኢን በይ» ብሎኝ ሄደ።

«በይ» አለኝ። እንግሊዝኛው «ሎግ» ላይ «ኢን» ለጥፎ ግስ ይሠራል። እኛ ደግሞ ሁለቱንም እንዳሉ አንስተን «አለ» ወይም «አደረገ» እንቀጥልበታለን። «ኢን» መግባት መሆኑን ማንም ያውቃል። «ሎግ»ስ? ስንት ዓመት ስለው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ ፈለግኩት። ለካ ግንድ ነው! የእንጨት ጉማጅ። ያመጡት መርከበኞች ናቸው።

ድሮ የመርከብ ፍጥነት የሚለካው በእንጨት ነበር። የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ጣውላ ነው፤ ውሃው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ጠርዙ ላይ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ይደረግበታል። በረጅም ገመድ አስረው ከመርከቡ ኋላ ይጥሉታል። እንጨቱ ባለበት ይቀራል፣ መርከቡ ይሄዳል፣ ገመዱ ይተረተራል። ገመዱ ላይ በየ14.4 ሜትር ገደማ ቋጠሮ አለ። አንዱ የ28 ሰከንድ የአሸዋ ሰዓት ይይዛል፣ ሌላው በእጁ የሚያልፈውን ቋጠሮ ይቆጥራል። ስምንት ካለፈ ፍጥነቱ ስምንት ኖት ነው። ኖት ራሱ ቋጠሮ ማለት ነው፤ አንዱ በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር። አብራሪዎች ዛሬም በኖት ነው የሚያወሩት። ሰማይ ላይ ምን ገመድ አለና!

የተቆጠረው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡም የእንጨቱን ስም ወረሰ። ቆይቶ መመዝገብ ራሱ «ሎግ» ተባለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ብዙ ሰው አንድ ኮምፒውተር መጋራት ሲጀምር፣ ማን መቼ እንደገባ መታወቅ ነበረበት። «ሎግ ኢን» ኮምፒውተር ላይ የወጣው ያኔ ነው። ስምን አስመዝግቦ መግባት እንደማለት።

ከሰዓት ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆሙኝ። «የኔ ልጅ፣ ሳትመዘገቢ አትግቢ።» ጠርዙ የተበላ ደብተር ነው። ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ። እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በሲባጎ ደብተሩ ላይ ታስሯል። ሲባጎው ሁለት ቦታ ተበጥሶ ተቋጥሯል።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም አባባ» አልኩና 8፡40 ብዬ ፈረምኩ።