የውድድር ሽጉጤን የካዝና ማራዘሚያ እንዴት እንደመረጥኩ

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ከገባሁ ወዲህ አሜሪካ የሚኖሩ የሰፈሬ ልጆች በስልክ ደጋግመው የሚያነሱብኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ለውድድር ሽጉጥ ከሚሸጡት የካዝና፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ ማራዘሚያዎች የትኛውን እንግዛ ይሉኛል። ዳላስ ከኖርኩባቸው 11 ዓመታት ውስጥ ሰባቱን ያሳለፍኩት በዚህ ስፖርት ነው። የሚሆነኝን ማራዘሚያ እስካገኝ ድረስ ሦስት ዓይነት ገዝቻለሁ፣ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመትም አበላሽቻለሁ፤ መልሱን በመጨረሻ ያገኘሁት ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በአጎቴ የቶርኖ ቤት ውስጥ ነበር። ነገሩ በስልክ ተነግሮ ስለማያልቅ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ይገባል። ተወዳዳሪው በዚህ ውድድር አንድ ቦታ ቆሞ አይተኩስም፤ ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሰ የካርቶንና የብረት ዒላማዎችን ይመታል፤ ውጤቱም ያገኘው ነጥብ በፈጀበት ሰከንድ ተካፍሎ ይሰላል። ዓለም አቀፉ ማኅበር አይፒኤስሲ እ.ኤ.አ. በ1976 በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ተመሠረተ፤ የአሜሪካው ክንፍ ዩኤስፒኤስኤ ደግሞ በ1984 ተቋቋመ። ስቴጅ ከሚባሉት የውድድር መስኮች ረጅሙ ቢበዛ 32 ጥይት ይጠይቃል፤ እኔ እወዳደርበት የነበረው ግሎክ 34 ግን ከፋብሪካው የሚመጣው ከ17 ጥይት ካዝና ጋር ነው። ቆሞ ካዝና የሚቀይር ሰው ሰዓቱ ይሮጥበታል፤ መሀል ዒላማውን እየመታ 5 ነጥብ ቢሰበስብም ያቺ የባከነች ሰከንድ ታካፍልበታለች። ማራዘሚያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የካዝናው የታች ክዳን ይወጣና በቦታው ውስጡ ክፍት የሆነ ረዘም ያለ ክዳን ይገጠማል፤ ካዝናው ወደ ታች ይረዝምና አምስት ወይም ስድስት ጥይት ይጨምራል።

እኔ የነበርኩበት ኬሪ ኦፕቲክስ የተባለው ምድብ የካዝናውን ርዝመት በ141.25 ሚሊ ሜትር ይገድባል፤ ኦፕን በሚባለው ምድብ ደግሞ ገደቡ 171.25 ሚሊ ሜትር ነው። ከስፖርቱ ደንብ በፊት ግን የአገሩ ሕግ ይቀድማል። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናን ይከለክላሉ፤ ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ በ15 ገድባለች፤ ስለዚህ አንድ ግዛት ውስጥ በነጻነት የተገዛ ዕቃ ድንበር ሲሻገር ወንጀል ሊሆን ይችላል። ወደ አገር ቤት ይዤ ልምጣ ብሎ የሚያስብ ካለም በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አስቀድሞ እንዲያነብ በጥብቅ እመክራለሁ። እኔ ሽጉጤንም ካዝናዎቼንም እዚያው በሕጋዊ መንገድ አስተላልፌ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።

የመጀመሪያው ስህተቴ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ቁጥር መማረኬ ነበር። ከነበሩት ሁሉ ብዙ ጥይት እይዛለሁ የሚለውን መርጬ አራት ገዛሁ። አብሮት ጥይቱን ከሥር ወደ ላይ የሚገፋ ሞላ አልነበረም፤ ሻጩም የድሮው ሞላ ይበቃል አለኝ፣ እኔም አመንኩት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም አልሆነም። ከዚያ በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ ብረት በሚያግልበት ሰዓት፣ ስቴጁን ላጠናቅቅ ሁለት ዒላማ ሲቀረኝ ሽጉጡ ነከሰ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጥይቷ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ከካዝናው የፊት ግድግዳ ጋር ተጣብቃለች፤ ስላይዱም፣ ማለትም በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል፣ መጥቶ ጀርባዋ ላይ ቆሟል። ካዝናውን መትቼ፣ ስላይዱን ስቤ፣ እንደገና አቀባብዬ እስክተኩስ ድረስ ያለፈውን ጊዜ፣ በስልኩ ይቀርጸኝ የነበረው የአንኮበር ልጅ ወዳጄ በኋላ ቆጥሮ አራት ሰከንድ መሆኑን ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተደጋገመ። አንዳንዴ ጥይቱ ሲያልቅ ስላይዱ ወደ ኋላ ተከፍቶ መቆም ሲገባው ይዘጋና፣ እኔ ጥይት ያለ መስሎኝ ባዶ ምላጭ እስባለሁ። ጥፋተኛው ጥይቱ ነው ብዬ ጥይት ቀየርኩ። ቀለህ የሚያወጣውን ጥፍር ቀየርኩ። አያያዜ ነው ብዬ ለሁለት ወር የአያያዝ ልምምድ ሠራሁ። ካዝናውን ያልጠረጠርኩት የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስምንትና ሃያ ጥይቶች ያለ እንከን ስለሚያጎርስ ነበር፤ አሁን ሳስበው ዋናው ፍንጭ ያው ነበር፣ ችግሩ ሁልጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነበርና። በዚያው ዓመት ሁለተኛ ዓይነት ሞከርኩ፤ ፕላስቲክ ነበር፤ ጠጠር ላይ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ ጠርዙ ተሰነጠቀና ጣልኩት።

በዚያ ዓመት ለጥምቀት ቤተሰብ ልጠይቅ መጣሁ። አጎቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ በቶርኖ ሠራተኛነት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከቤታቸው ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ለወፍጮ ቤቶች ዘንግና ቡሽ እየጠረቡ ይኖራሉ። የመንዝ ሰው ናቸውና የአባታቸውን ምንሽር እየወለወሉ ነው ያደጉት፤ የመሣሪያ ወሬ ሲነሳ ጆሯቸው ይቆማል። ጠዋት ውርጩ ገና ሳይለቅ ከሰል አቀጣጥለው እጃቸውን እያሞቁ ሳለ ያጋጠመኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ካዝናውንም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳልኩላቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ጥቂት አዩትና ጠየቁኝ።

«ሞላው የማን ነው?»

«ከካዝናው ጋር የመጣው የድሮው ነው፣ ጋሼ።»

«ቤቱን አስረዘምከው፣ ሞላውን ግን አላስረዘምከውም?»

መልስ አጣሁ። እሳቸውም ሳይጠብቁኝ ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ቀጭን ሞላ ፈልገው አወጡ፤ በአጭር የብረት ቱቦ ውስጥ አቁመው ከላይ ክብ እንጨት አስቀመጡበት፤ እንጨቱንም በአውራ ጣቴ እስከ ቱቦው አፍ ዝቅ እንዳደርገው አዘዙኝ። በደንብ ይገፋኛል። ቀጥሎ ያንኑ ሞላ አንድ ጣት በሚያህል ወደሚረዝም ቱቦ አዛወሩትና እንጨቱን መለሱበት፤ እንጨቱ ከቱቦው አፍ ብዙም ሳይወጣ ቆመ። «አሁን ግፋው» አሉኝ። አውራ ጣቴ ምንም ኃይል ሳይሰማው እንጨቱ ተደፋ።

«የመጨረሻዋ ጥይት የምታገኘው ጉልበት ይህቺን ነው» አሉ።

በዚያች ቅጽበት የዓመቱ ችግር ሁሉ ተገለጠልኝ። ካዝናው ሙሉ ሲሆን ሞላው ታጥፎ ተጨምቋል፣ ጉልበት አለው፤ ጥይቱ እያለቀ ሲሄድ ይዘረጋል፣ ጉልበቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ስላይዱ ግን ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ዓይን በማይዘው ቅጽበት ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል፤ ሞላው በዚያች ቅጽበት ውስጥ ቀጣዩን ጥይት ከፍ አድርጎ መጠበቅ አለበት። በረዘመ ቤት ውስጥ ያለልኩ የተዘረጋ ሞላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥይቶች በሰዓቱ አያደርስም፤ ስላይዱን ከፍቶ የሚያቆመውን ትንሽ ዘንግ የሚገፋውም ያው ሞላ ስለሆነ፣ ሲደክም እሱንም አይገፋውም።

አጎቴ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ወረቀቱ ላይ ካዝናውና ማራዘሚያው የሚገናኙበትን መስመር በጥፍራቸው እየጠቆሙ፣ በዚህ በኩል ከውስጥ ደረጃ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላየሁትም አልኳቸው። «በዓይን አይታይም፤ ጥፍርህን አሂድበት» አሉና ከጥግ ሁለት የተገጠሙ ቱቦዎች አንስተው ሰጡኝ። በዓይን አንድ ወጥ ይመስላል፤ ጥፍሬ ግን መጋጠሚያው ላይ ቀጭ ብላ ቆመች። ሞላውና ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሳው ፕላስቲክ በዚያ ባለፉ ቁጥር እንደዚሁ ቀጭ ይላሉ ማለት ነው።

ዳላስ ስመለስ ካዝናዎቹን ፈትቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ጥፍሬን ማስኬድ ነበር፤ ከአራቱ በሦስቱ ላይ ደረጃው ተሰማኝ። ሦስተኛውን ዓይነት ስገዛ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ትቼ ሁለት ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ ለዚያ ርዝመት ተብሎ የተሠራ የራሱ ሞላ አብሮት እንዲመጣ፣ መጋጠሚያውም ከውስጥ ለጥፍር ልሙጥ እንዲሆን። ባዶውን ካዝና በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አቁሜ የጥይት ማንሻውን በእንጨት ዝቅ እያደረግሁ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አነጻጸርኩ፤ የአዲሱ ሞላ ግፊት ባዶው ላይም እንኳ በግልጽ ይበልጥ ነበር።

አዲስ ካዝና የሚፈትን ሰው ብዙውን ጊዜ ሞልቶ ይተኩሳል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ይህ ግን ጥይት ያስጨርሳል እንጂ የታመመውን ቦታ አያሳይም። ድካሙ ያለው ጫፉ ላይ ስለሆነ በእያንዳንዱ ካዝና አምስት አምስት ጥይት ብቻ እያጎረስኩ፣ በፍጥነት እየተኮስኩ፣ ስላይዱ በየጊዜው ተከፍቶ መቆሙን እያየሁ መዘገብኩ። በካዝናዎቹ ላይ በነጭ ቀለም ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጽፌባቸው ነበርና፣ አንዱ ሲያስቸግር ሌሎቹን ሳልጠረጥር ያንኑ አውቀው ነበር። ቁጥር መጻፉን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ ያን ሁሉ ጥይትና ጥፍር ባልቀየርኩ ነበር።

ሌላኛው ጫፍ፣ ማለትም ካዝናው እስከ አፉ ሲሞላ፣ የራሱ ጣጣ አለው። የእኔ አዲሱ ካዝና በትክክል 23 ጥይት ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ ከታች ሲገባ የላይኛዋ ጥይት በስላይዱ ሆድ ትገፋለች፣ ዝቅ የምትልበት ቦታ ከሌላትም ካዝናው አይቆለፍም። በልምምድ ጊዜ በመዳፍ መትቶ ማስገባት ይቻላል፤ ሰዓት በሚሮጥበት ውድድር ግን ተቆልፏል ብለህ ስትሮጥ ካዝናው እግርህ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ 22 ብቻ ማጉረስ ጀመርኩ። ብዙ ወዳጆቼ ይህን እንደ ኪሳራ ያዩታል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር ፈጽሞ አልስማማቸውም። በ22 የተሞላ ካዝና በርሜሉ ውስጥ ቀድማ ከገባችው አንዲት ጥይት ጋር 23 ይሆናል፤ ሁለተኛው ካዝና ሲጨመር 45 ነው። የ32 ጥይቱ ስቴጅ ካዝናው በ23ም ሆነ በ22 ቢሞላ አንድ ጊዜ ካዝና ያስቀይራል፤ የሚለወጠው የምትቀይርበት ቦታ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ስቴጁን አስቀድመህ በእግርህ ስትዞረው፣ ከአንዱ መተኮሻ ወደ ሌላው በምትሮጥበት መንገድ ላይ እንዲውል አድርገህ ታቅደዋለህ፤ እየሮጡ የተቀየረ ካዝና ከሰዓቱ ላይ የሚወስደው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ስለ ማቴሪያሉ ብዙ አልልም። ነሐስ ከባድ ስለሆነ ባዶው ካዝና ፈጥኖ ይወድቃል፣ ነገር ግን አራት ካዝና ቀበቶ ላይ ሲሰቀል ሱሪ ይጎትታል፣ የሽጉጡ ክብደት ገደብ ባለበት ምድብም መታሰብ አለበት። ፕላስቲኩ የሆነውን ተናግሬአለሁ። እኔ አሉሚኒየሙን መረጥኩ፤ በአንድ ፒን ብቻ የሚፈታ መሆኑም አስደስቶኛል፣ ምክንያቱም በውድድር ቀን ካዝና አቧራና ጭቃ ላይ ይወድቃልና ማታ ማታ ተፈትቶ መጽዳት አለበት። ውስጡን በደረቅ ብሩሽ ብቻ አጸዳለሁ፤ ዘይት አቧራ ስለሚይዝ አልቀባውም።

የመጨረሻው ሥራ ርዝመቱን መለካት ነበር። ማሸጊያው ላይ 140 መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ማራዘሚያው ካዝናው ላይ በደንብ ካልተቀመጠ ርዝመቱ ይለወጣል። ዳኞቹ የሚጠቀሙበትን ዓይነት መለኪያ ገዝቼ አራቱንም አስገባኋቸው፤ 1፣ 2 እና 4 ገቡ፣ 3ኛው ግን ጫፉ ላይ ነካ። ፈትቼ ሳየው የማራዘሚያው መያዣ ከካዝናው ከንፈር ሥር በደንብ አልገባም ነበር፤ አጽድቼ መልሼ ስገጥመው ገባ። ያን ሳላደርግ ዋና ውድድር ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ወደ ኦፕን ምድብ ያዛውሩኝና አፈሙዛቸው ላይ የርግጫ መቀነሻ ከገጠሙ ሽጉጦች ጋር ያወዳድሩኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ከካዝና የተነሳ መንከስ አልገጠመኝም፤ ሞላዎቹንም በየዓመቱ ከመስከረም በፊት እቀይራቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከሚኒሶታ የደወለልኝ ልጅ ቁጥር 2 ካዝናው ስላይዱን ከፍቶ አያቆምልኝም፣ ሌላ ማራዘሚያ ላዝዝ ነው አለኝ። ሞላው መቼ እንደተቀየረ ጠየቅሁት፤ ተቀይሮ አያውቅም አለ። ማዘዙን ትቶ አምስት ጥይት ብቻ እያጎረሰ እንዲሞክረው፣ መጋጠሚያውንም በጥፍሩ እንዲያየው ነገርኩት፤ ቅዳሜ ውጤቱን ሊነግረኝ ተቀጣጥረናል። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙ ነበርና ስልኩን ስዘጋው የሲሚንቶ ከረጢቱን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አውርደው፣ ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ሰጡኝ።