ጳጉሜን የረሳው የመልስ ወረቀት

ሐዋሳ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀሁ። ደወል አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ለአሸናፊ ደብተርና እስክሪብቶ አለ። ቀድሞ የደወለ ይመልሳል። ያው ሁሌም እጃቸውን የሚያወጡት ሦስት ልጆች ጠራርገው ወሰዱት፣ ሌላው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! በነጋታው ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ «ቲቸር፣ መልሱን አውቀው ነበር፣ ግን እስካስብ ይደወልብኛል» አለችኝ።

ደወሉን ተውኩት።

ቀጣዩን ቅዳሜ ጠዋት አደረግሁት፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አራት ጥያቄ ብቻ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ። የራሴ ፈጠራ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ እንኳ በቀን ሦስት ጥያቄ ሰጥቶ አራት ሰዓት ተኩል ያስቀምጣቸዋል፣ የእያንዳንዱ ጥያቄ ነጥብም 7 ሆኖ ለአሠራሩ ጭምር ነው የሚሰጠው። እኔ ሃያ ጥያቄ በሃያ ደቂቃ የማስጋልባቸው ምን ልሁን ብዬ ነው?

ፎቶ ኮፒ ኪስ ስለሚጎዳ ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዱ፣ 2016 ሰባቶች ቢባዙ የመጨረሻው አሃዝ ስንት ነው የሚል ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። በኋላ ሁለት ልጆች 7፣ 49፣ 343፣ 2401፣ 16807 እያሉ ሲጽፉ ቆዩና አንደኛው በድንገት «ይዞራል! ይዞራል!» ብሎ ጮኸ። ልክ ነው፣ መጨረሻው 7፣ 9፣ 3፣ 1 እያለ በየአራቱ ይደጋገማል፣ 2016 ደግሞ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ስለዚህ መልሱ 1። ጩኸቱ ግን ለሌሎቹም መልሱን ሰጣቸው፣ ምን ይደረጋል።

ሁለት ሁለት ማድረጉም ችግር ነበረበት። ጎበዙ ይሠራል፣ ጓደኛው እርሳስ ይቀርጻል። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሚያስረዳውን በዕጣ መለየት ጀመርኩ። ማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ጎበዙ ጓደኛውን ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ከሁሉም የሠራልኝ ይሄ ነው።

ከዚያ የወሩ ጥያቄ መጣ። ቢያንስ ስንት ተማሪ ቢሰበሰብ ነው ሁለቱ በአንድ ወር መወለዳቸው እርግጠኛ የሚሆነው? ከውጭ መጽሐፍ የገለበጥኩት ነው፣ መልሱም 13 ይላል፤ ወሮቹ 12 ናቸው፣ አሥራ ሦስተኛው ሰው የግድ ይደግማል። ያቺ የኋላ ወንበር ልጅ ከጓደኛዋ ጋር 14 ብላ ጻፈች። በቀይ ሰረዝኩት።

ወረቀቱን ይዛ መጣች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልተመለሰችም። «ቲቸር፣ ጳጉሜስ?»

ለካ የእኛ ወር 13 ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥረው የኖርኩትን ወር መጽሐፍ አስረሳኝ። ክፍሉ ፊት ቆሜ ስህተቱ የኔ ነው አልኩና ነጥቧን አስተካከልኩ።

በዚያ ቀን አላሸነፈችም፣ ሦስተኛ ነው የወጡት። ለሽልማት ገንዘብ ስላልነበረኝ ሁላችንም ታቦር ተራራ ወጥተን ሐይቁን እያየን ቆሎ በላን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የፊዚክስ መምህሯ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ይቺን ልጅ ምን አድርገሃት ነው? አሁንስ ለምን እያለች አላስተምር አለችኝ» አለኝ።