«ቬሪ ናይስ ቶክ!»

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ነበርኩ። ከምኒልክ ሐውልት ብዙም ሳንርቅ፣ አንዲት ካፌ ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር ማኪያቶ ይዘናል። ልጁ አይልትስ ሊፈተን እያጠና ነው። ደብተሩን ገለጠና «ጋሼ፣ ቶክ ኢንቱ ምንድን ነው? ቶክ ማውራት፣ ኢንቱ ወደ ውስጥ። ሁለቱ ሲገጥሙ ግን አልገባህ አሉኝ» አለ።

ሳቄ መጣ። ይቺ ሐረግ እኔን ታብሌት አሸክማኛለች።

ቨርጂኒያ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ስልክ ልገዛ ሄጄ አንድ ምላሰኛ ሻጭ የሁለት ዓመት ውል አስፈርሞ፣ ታብሌት መርቆ ሸኘኝ። መርቆ ስል በወር በወር የሚከፈልበት ነው። በማግስቱ ልመልስ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴት አሳዘንኳት መሰለኝ፣ «ዲድ ሂ ቶክ ዩ ኢንቱ ኢት?» አለችኝ። የያዝኩት «ቶክ»ን ብቻ ነው። አናግሮሃል ወይ ያለችኝ መስሎኝ «የስ! ቬሪ ናይስ ቶክ!» አልኳታ። ልከሰው ሄጄ አመስግኜው ተመለስኩ። ታብሌቱም አብሮኝ።

ቶክ ኢንቱ ማግባባት ነው አልኩት ልጁን። ገባ፣ አስገባ፣ አግባባ። ለካ የእኛም ቃል ከመግባት የመጣ ነው! ይሄን ያስተዋልኩት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰውየው መጀመሪያ አልፈለገም፤ በወሬ እሺ አሰኙት። ሞከሩ ሳይሆን አሰኙት። ካልተሳካ «ትራይድ»፣ ሞከረ የሚለው፣ መግባት አለበት። ከኢንቱ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ መጨረሻው «ኢንግ» ነው። ተቃራኒው ቶክ አውት ኦቭ፣ የቆረጡበትን ነገር አውርቶ ማስተው።

«ምሳሌ ስጠኛ» አለኝ።

አራት ኪሎ ኢንተርኔት ቤት ጎትቶ ያስገባኝን ጓደኛዬን ነገርኩት። «ዲቪ እንሙላ፣ ምን ትከስራለህ?» እያለ ሳምንት ሙሉ ነዘነዘኝ። ለእሱ አልወጣለትም፤ ለእኔ ወጣ። እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «ማን አግባብቶህ ነው?» ነበር። ከዚያ እስክሄድ ድረስ ማታ ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ እያለች እንድቀር ስትመክረኝ ከረመች።

ልጁ አቀርቅሮ ጻፈና አሳየኝ። «ሂስ ፍሬንድ ቶክድ ሂም ኢንቱ አሜሪካ።»

«ከአሜሪካ በፊት ‹ጎይንግ ቱ› ጨምር።»

ጨመረ። ቀጥሎ የአያቱን ጻፈ። «ሂስ ማዘር ቶክድ ሂም አውት ኦቭ ጎይንግ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። «ቶክድ» የምትለዋን ሰርዤ «ትራይድ ቱ ቶክ» ብዬ ጻፍኩበት።